በር የሚሰበርበት ሰዓት

በ1604 በእንግሊዝ ዳኞች ፊት የተቋጨው የሴሜይን ክርክር መነሻው አንድ የተዘጋ በር ነበር። ሪቻርድ ግሬሻም በለንደን ብላክፍራየርስ በሚባለው ሰፈር ከሌላ ሰው ጋር ቤት ተጋርቶ ይኖር ነበር። ያ ሰው ፒተር ሴሜይን ለተባለ አበዳሪ ዕዳውን ሳይከፍል ሞተ፤ ንብረቱም እዚያው ቤት ቀረ። ሸሪፉ የፍርድ ወረቀት ይዞ ዕቃውን ሊወስድ ሲመጣ ግሬሻም በሩን ዘጋ። ሴሜይን “ገንዘቤን አስቀረብኝ” ብሎ ከሰሰው፤ ነገር ግን ተረታ። ፍርዱን መዝግቦ ለትውልድ ያቆየው ኤድዋርድ ኩክ ሲሆን፣ የማንም ሰው ቤት ለባለቤቱ እንደ ግንብና እንደ ምሽግ ነው የሚለው አሳብ በሕግ መጻሕፍት የጸናው በእሱ ብዕር ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እነዚያው ዳኞች ግን በሩን ለሁልጊዜ አልቆለፉትም። ነገሩ የግለሰቦች የገንዘብ ክርክር ሳይሆን የንጉሡ ጉዳይ፣ ማለትም ወንጀል ሲሆን፣ ሹሙ ማንነቱንና የመጣበትን ምክንያት ተናግሮ፣ “ክፈቱ” ብሎ ጠይቆ እምቢ ከተባለ ሰብሮ ሊገባ ይችላል አሉ። በዚያው መቶ ዓመት የኖረው ታላቁ የሕግ ሊቅ ማቲው ሄል ደግሞ አንድ እርምጃ ጨመረበት። በሌሊት ከቤት ውስጥ የጠብ ድምፅ የሰማ የጸጥታ ሹም፣ ወይም ከባድ ወንጀል ፈጽሞ የሚሸሽን ሰው እግር በእግር የሚከተል አሳዳጅ፣ ትዕዛዝ እስኪጻፍለት ደጃፍ ላይ ቆሞ እንዲጠብቅ አይገደድም ብሎ ጻፈ። ሁለቱም ነገሮች፣ የቤት መከበርም የአጣዳፊ ሰዓት መግቢያም፣ አብረው ነው ያደጉት። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ሕይወት ለማዳንና የሚያመልጥን ሰው ለመያዝ የተተወው መግቢያ ቀስ በቀስ ማስረጃ ለመልቀም ሲውል፣ ዳኞችም አንዴ ሲያጠቡት አንዴ ሲያሰፉት የሚታይበት ታሪክ ነው።

የእንግሊዝ መንግሥት ይህን ልክ በቅኝ ግዛቶቹ አልጠበቀም። በቦስተን ከተማ የጉምሩክ ሹማምንት ኮንትሮባንድ ለመያዝ ጠቅላላ የብርበራ ትዕዛዝ ይዘው ይዞሩ ነበር። ወረቀቱ የማን ቤት እንደሚበረበርና ምን ዕቃ እንደሚፈለግ አይናገርም፤ የጠረጠሩትን መጋዘንና መኖሪያ ሁሉ ያስከፍታቸዋል። የሚጸናውም ንጉሡ በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለስድስት ወር ነበር። ዳግማዊ ጆርጅ በ1760 ሲሞት ወረቀቶቹ መታደስ ነበረባቸው፤ የቦስተን ነጋዴዎችም ይህን አጋጣሚ ይዘው ፍርድ ቤት ቀረቡ። ጄምስ ኦቲስ ለመንግሥት የሚከራከርበትን ሹመት ለቆ በነጋዴዎቹ ወገን ቆመ፤ በ1761 መጀመሪያ ላይም ለሰዓታት የቆየ ክርክር አቀረበ። በአዳራሹ ተቀምጦ የሚያዳምጠው የ25 ዓመቱ ጠበቃ ጆን አዳምስ፣ ኋላ የአሜሪካ ሁለተኛ ፕሬዚዳንት የሆነው፣ በእርጅናው ዘመን የነጻነት አሳብ የተወለደው በዚያ አዳራሽ ውስጥ እንደሆነ መስክሯል። ኦቲስ ክርክሩን አላሸነፈም። ወረቀቶቹ ታደሱ፤ ቁጣውም አብሯቸው አደገ።

በእንግሊዝ ደግሞ በ1762 የንጉሡ መልእክተኞች መንግሥትን የሚነቅፍ ጽሑፍ ይጽፋል የተባለውን የጆን ኤንቲክን ቤት ገብተው ለአራት ሰዓት ያህል መሳቢያና ሳጥን ሲከፍቱ፣ ወረቀት ሲያገላብጡ ቆዩ። የያዙት ትዕዛዝ የዳኛ ሳይሆን የአንድ ሚኒስትር ነበር። ኤንቲክ ከሰሳቸው። የመንግሥት ጠበቆች “የአገር ደኅንነት ያስገድዳል” ብለው ተከራከሩ፤ ሎርድ ካምደን በ1765 በሰጠው ፍርድ ግን እንዲህ ያለውን ምክንያት ሕጉ አያውቀውም አለ፤ ለኤንቲክም 300 ፓውንድ ካሳ ተወሰነለት። ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ለእኔ እጅግ ከሚከብሩኝ ፍርዶች አንዱ ይህ ነው። ሥልጣን የያዘ ሰው የራሱን ችኮላ የሕዝብ አደጋ ብሎ መጥራት እንደማይችል በግልጽ ተናግሯልና።

አሜሪካውያን ነጻ ከወጡ በኋላ በ1791 የጸደቀው የሕገ መንግሥታቸው አራተኛ ማሻሻያ የተጻፈው ይህን ሁሉ በሚያስታውሱ ሰዎች እጅ ነው። ምክንያታዊ ያልሆነ ብርበራና መያዝን ይከለክላል፤ የብርበራ ትዕዛዝም በመሐላ የተደገፈ በቂ ምክንያት ሲኖር ብቻ፣ ቦታውንና የሚፈለገውን ነገር ለይቶ እንዲጻፍ ያዛል። ስለ አጣዳፊ ሁኔታ ግን ምንም አይልም። ትዕዛዝ ሳይያዝ የሚገባበት ጊዜ መኖር አለመኖሩን፣ ካለም እስከ የት እንደሚደርስ መወሰኑ ለዳኞች ቀረ፤ ዳኞቹም ከመቶ ዓመት በላይ ብዙም አልተናገሩበትም። በ1914 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የፌዴራል ሹማምንት ሕግ ጥሰው ከቤት የወሰዱት ወረቀት በፌዴራል ፍርድ ቤት ማስረጃ ሊሆን አይችልም ሲል፣ ማሻሻያው ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርስ አወጣ።

በ1948 የሲያትል ጉዳይ ቀረበ። ፖሊሶች በአንድ ሆቴል ኮሪደር ሲቆሙ ከአንደኛው ክፍል የሚጨስ የኦፒየም ሽታ ወጣባቸው። አንኳኩ፤ ሴትየዋ ከፈተች፤ ገብተው ያዟት፤ በረበሩ፤ ኦፒየሙንና ገና ያልቀዘቀዘውን ማጨሻ አገኙ። በኑረምበርግ የናዚ መሪዎችን የከሰሰው ዳኛ ሮበርት ጃክሰን የብዙኃኑን ፍርድ ጻፈ። ሽታው ትዕዛዝ ለማውጣት በቂ ምክንያት ነበር፤ የሚሸሽ ሰው አልነበረም፤ ዳኛ ዘንድ ሄዶ ለመመለስ የሚያስቸግረው የፖሊሶቹ ድካም ብቻ ነው አለ። ቤት ይገባ አይገባ የሚለውን መመዘን ያለበት በአደን ላይ ያለው ፖሊስ ሳይሆን ከነገሩ ገለልተኛ የሆነው ዳኛ ነው የሚለው አሳቡ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ፍርዱ ግን አምስት ለአራት ነበር፤ በአንድ ድምፅ ልዩነት።

እስከዚህ ድረስ ማሻሻያው ሕግ ተጥሶ የተገኘ ማስረጃን የሚያስቀረው በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ብቻ ነበር፤ አብዛኛው ወንጀል ደግሞ የሚታየው በክፍለ ግዛት ፍርድ ቤቶች ነው። ይህን የለወጠችው ዶልሪ ማፕ የተባለች የክሊቭላንድ ነዋሪ ናት። በሜይ 1957 ፖሊሶች የቦምብ ጥቃት ተጠርጣሪ ቤቷ አለ ብለው መጡ። ለጠበቃዋ ስልክ ደውላ “ያለ ትዕዛዝ አላስገባም” አለች። ከሦስት ሰዓት ያህል በኋላ በርከት ብለው ተመልሰው በሩን በኃይል ከፈቱ። ትዕዛዙን አሳዩኝ ስትል አንዱ ወረቀት አውለበለበላት፤ ነጥቃ ደረቷ ውስጥ ከተተችው፤ ታግለው ወሰዱባት፤ በካቴና አሰሯት። የመጣው ጠበቃዋም እንዳይገባ ተከለከለ። በችሎት ያ ወረቀት አልቀረበም። የተከሰሰችው በቦምቡ ሳይሆን በብርበራው በተገኙ ጸያፍ በተባሉ መጻሕፍት ነበር። በጁን 1961 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጥፋተኝነቷን ሻረ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ በሕገ ወጥ ብርበራ የተገኘ ነገር በክፍለ ግዛት ፍርድ ቤቶችም በመርህ ደረጃ ማስረጃ መሆኑ ቀረ። ሦስት ሰዓት ጠብቆ የመጣ ፖሊስ ጊዜ አጣሁ ሊል እንደማይችል ለማየት የሕግ ትምህርት አያሻም።

በዚያው ዓመት፣ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በአዲስ አበባም ስለዚሁ ጉዳይ ሕግ ወጣ። በ1954 ዓ.ም. የታወጀው የኢትዮጵያ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 32 ፖሊስ ያለ ብርበራ ትዕዛዝ ቤት እንዳይበረብር ከከለከለ በኋላ ሁለት በሮች ይተዋል። አንደኛው፣ እግር በእግር የሚከተሉት ወንጀለኛ ቤት ውስጥ ሲገባ ወይም የወንጀሉን ዕቃ እዚያ ሲጥል ነው። ሁለተኛው ከሦስት ዓመት በላይ በሚያሳስር ወንጀል ክስ ወይም አቤቱታ ቀርቦ፣ ማስረጃ የሚሆን ዕቃ በቦታው እንደተደበቀ ጥቆማ ሲደርስና ትዕዛዝ እስኪወጣ ቢጠበቅ ዕቃው ይሸሻል የሚያሰኝ በቂ ምክንያት ሲኖር ነው። ያቺን “ከሦስት ዓመት በላይ” የምትለዋን መስፈርት ልብ በሉልኝ፤ አጣዳፊነት የሚመዘነው በሰዓት ብቻ ሳይሆን በወንጀሉ ክብደትም ነው ማለቷ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወደዚህ አሳብ የደረሰው ከ23 ዓመት በኋላ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ፖሊሶች በትክክል የገቡበት ቤት ታሪክ ይመጣል። በማርች 1962 በባልቲሞር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ አንድ መሣሪያ የታጠቀ ሰው የታክሲ ድርጅት ቢሮ ገብቶ 363 ዶላር ዘርፎ ሮጠ። ሁለት የታክሲ ሾፌሮች ተከትለውት የገባበትን ቤት አዩ፤ ወሬው በሬዲዮ ደረሰ፤ ፖሊሶች ሰውየው ከገባ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ደጃፉ ላይ ነበሩ። የዘራፊው ሚስት ከፈተች። ፖሊሶቹ በፎቁም በምድር ቤቱም ተበታተኑ። ሰውየው ፎቅ ላይ የተኛ መስሎ ተገኘ። ጠመንጃና ሽጉጥ ከመጸዳጃ ቤቱ የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ፣ ሸሽቶ የገባበት ልብስ ደግሞ ምድር ቤት ካለው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ወጣ። ዳኛ ዊልያም ብሬናን በ1967 በጻፈው ፍርድ፣ መዘግየት የፖሊሶቹንም የሌሎችንም ሕይወት አደጋ ላይ በሚጥልበት ሰዓት ሕጉ ቁሙ አይልም አለ። ብርበራውም የተፈቀደው ፖሊሶቹ ሰውየውንና ሊተኩስባቸው የሚችለውን መሣሪያ እየፈለጉ በመሆናቸው ነው። ሄል በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት የጻፈው አሳዳጅ ባልቲሞር ላይ ሥጋ ለብሶ መጣ ማለት ይቻላል፤ እኔም በዚህ ፍርድ ላይ የምነቅፈው ነገር የለኝም።

የአምስት ደቂቃው ምክንያት ወደ አራት ቀን ሲለጠጥ ምን እንደሚመስል ያሳየው የቱሳን ጉዳይ ነው። በኦክቶበር 1974 በአሪዞና ክፍለ ግዛት ቱሳን ከተማ የአደንዛዥ ዕፅ ክትትል ፖሊሶች አንድ አፓርትመንት ውስጥ ሲገቡ ተኩስ ተከፈተ። ማንነቱን ደብቆ ይሠራ የነበረ አንድ ፖሊስ ተመትቶ ሞተ፤ ተጠርጣሪውና ሌሎችም ቆሰሉ። ፖሊሶቹ የቆሰለ ሰው እንዳለ ክፍሎቹን አዩ፤ አምቡላንስ ጠሩ፤ እዚህ ድረስ የሚነቀፍ ነገር የለም። በአሥር ደቂቃ ውስጥ የነፍስ ግድያ መርማሪዎች መጡ። ቁስለኞቹ ተወሰዱ፤ ተጠርጣሪው ሆስፒታል ገባ፤ ቤቱ በፖሊስ ተጠበቀ። ከዚያ በኋላ መርማሪዎቹ አራት ቀን ሙሉ ቤቱን በረበሩ። መሳቢያና ቁም ሣጥን ከፈቱ፤ የልብስ ኪስ ፈተሹ፤ ምንጣፍ እየቀደዱ አነሱ፤ ከሁለት መቶ እስከ ሦስት መቶ የሚደርስ ዕቃ ይዘው ወጡ። በዚያ አራት ቀን ውስጥ አንድም ሰው ዳኛ ዘንድ ሄዶ ትዕዛዝ አልጠየቀም።

የአሪዞና ፍርድ ቤት ይህን አጽድቆት ነበር፤ ሰው የተገደለበት ቤት ያለ ትዕዛዝ ሊበረበር ይችላል አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1978 በዳኛ ፖተር ስቱዋርት ብዕር ብርበራውን ሕገ ወጥ አለው፤ በዚህ ነጥብ ላይ ዳኞቹ ሁሉ አንድ ነበሩ። ፖሊስ ቁስለኛን ለመርዳትና ገዳዩ ገና እዚያ እንዳለ ለማየት ሊገባ ይችላል፤ ሲገባም በዓይኑ ፊት ያለውን ማስረጃ ሊይዝ ይችላል። ነገር ግን ያስገባው አደጋ ሲያልፍ የመግቢያው ፈቃድም ያልቃል። የወንጀሉ ከባድ መሆን ብቻውን አጣዳፊ አያደርገውም። የሞተው ፖሊስ ነበር፤ ባልደረቦቹ በሐዘንና በቁጣ ውስጥ ነበሩ፤ ዳኛ ዘንድ መሄድ እጅግ የሚያስፈልገውም ልክ እንዲህ ባለ ሰዓት ነው። በዚያው ዓመት ከሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ፍርድ ቤቱ ስለ እሳት ቃጠሎ ተመሳሳይ ነገር ብሎ ነበር፦ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ለማጥፋት ትዕዛዝ አያሻውም፣ መነሻውን ለማወቅም ለተገቢው ጊዜ ሊቆይ ይችላል፤ ከሳምንታት በኋላ ለምርመራ ሲመለስ ግን ወረቀት መያዝ አለበት።

በ1980 ደግሞ ፍርድ ቤቱ ተጠርጣሪን ለመያዝ የሚደረግ መደበኛ ጉዞ ብቻውን ቤት እንደማያስገባ ወሰነ። ጉዳዩ የኒው ዮርክ ፖሊሶች በብሮንክስ አንድ አፓርትመንት በብረት ፈልቅቀው ስለገቡበት ነበር፤ የክፍለ ግዛቱ ሕግ ያንን ይፈቅድ ነበርና ፖሊሶቹ ሕግ አክብረው ነው የገቡት። ከዚህ ፍርድ በኋላ ለከባድ ወንጀልም ቢሆን የመያዣ ትዕዛዝ ወይም እውነተኛ አጣዳፊ ምክንያት ግድ ሆነ።

ወደዚያች የሦስት ዓመት መስፈርት የሚመልሰን ጉዳይ በ1984 የተፈረደው የዊስኮንሲን ጉዳይ ነው። በማዲሰን ከተማ በዝናባማ ምሽት እየተወላገደ የሚሄድ መኪና ከመንገድ ወጥቶ ሜዳ ላይ ቆመ። ሾፌሩ በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ። ፖሊሶች የመኪናውን ምዝገባ አይተው ቤቱ ደረሱ፤ ያለ ትዕዛዝ ገቡ፤ ራቁቱን ከአልጋው ላይ አገኙት። መንግሥት በደሙ ውስጥ ያለው አልኮል እየጠፋ ስለነበር ጊዜ አልነበረም ብሎ ተከራከረ። በዊስኮንሲን ሕግ ግን የመጀመሪያ ጊዜ ጠጥቶ መንዳት በገንዘብ ብቻ የሚያስቀጣ፣ እስራት የሌለው ጥፋት ነበር። ብሬናን እንዲህ ላለው ጥፋት የሌሊት ቤት መግባት አይገባም፤ አጣዳፊነት ሲመዘን የጥፋቱ ክብደት አብሮ ይመዘናል አለ።

በጁላይ 2000 ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ በዩታ ክፍለ ግዛት ብሪገም ከተማ ጎረቤቶች ስለ ጩኸት አቤት ብለው ፖሊሶች መጡ። በመስኮት ሲያዩ አራት ትልልቅ ሰዎች አንድ ወጣት ይዘው ሲታገሉ፣ ወጣቱም እጁን አስለቅቆ አንዱን ፊቱ ላይ ሲመታውና የተመታው ሰው ደም ሲተፋ አዩ። ፖሊስ መሆናቸውን ተናግረው ገቡ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሲደርስ በ2006 ዘጠኙም ዳኞች መግባታቸውን አጸደቁ። ሰው ራሱን ስቶ እስኪወድቅ መጠበቅ የፖሊስ ሥራ አይደለም። ዳኞቹ የፖሊሱ የልብ አሳብ አይመረመርም፣ የሚመረመረው ዓይኑ ያየው ነገር ብቻ ነው ማለታቸው ግን ያሳስበኛል፤ ሕይወት ለማዳን የገባና ሕይወት ማዳንን ሰበብ አድርጎ የገባ ፖሊስ በችሎት አንድ ሚዛን ላይ ይቀመጣሉና።

ሥጋቴ ከንቱ እንዳልሆነ በ2011 የተፈረደው የኬንታኪው ጉዳይ ያሳያል። በሌክሲንግተን ከተማ ፖሊሶች ክራክ ኮኬይን ሲሸጥ ያዩትን ሰው ተከትለው አንድ አፓርትመንት ሕንፃ ገቡ። በኮሪደሩ መጨረሻ ግራና ቀኝ ሁለት በሮች ነበሩ፤ የትኛው ውስጥ እንደገባ አላዩም። ከግራው የማሪዋና ሽታ ሲመጣ ያንን በር ደበደቡ፤ “ፖሊስ!” ብለው ጮኹ። ከውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ሰሙ፤ ማስረጃ እየጠፋ ነው ብለው በሩን ሰብረው ገቡ። ያገኟቸው ሌሎች ሰዎች ነበሩ። የሚፈለገው ሰው የገባው በቀኙ በር ነበር። ስምንት ዳኞች፣ ፖሊስ ራሱ ሕገ መንግሥቱን ካልጣሰ ወይም እጥሳለሁ ብሎ ካላስፈራራ በቀር ማንኳኳቱ የፈጠረው አጣዳፊነት ተቀባይነት አለው አሉ፤ ፍርዱን የጻፈው ሳሙኤል አሊቶ ነው። ብቻዋን የተቃወመችው ሩት ቤደር ጊንስበርግ ናት። ትዕዛዝ ለማውጣት ጊዜ እያለው ፖሊስ አንኳኩቶ፣ አዳምጦ፣ ሰብሮ መግባት ከተፈቀደለት ትዕዛዝ የሚባለው ነገር ምን ቀረው የሚል ነበር ጥያቄዋ። እውነቱ ከእርሷ ጋር ነበር ብዬ አምናለሁ። ሲያትል ላይ ጃክሰን ያስከበረው የሆቴል ክፍልና ይህ አፓርትመንት በምን ይለያያሉ? በሁለቱም ቤት ሽታ አለ፤ በሁለቱም ፖሊስ አንኳኳ።

በ2021 ፍርድ ቤቱ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ተመለሰ። አንደኛው በሜይ የተወሰነው የሮድ አይላንድ ጉዳይ ነው። ባልና ሚስት ተጣልተው ባልየው ሽጉጥ አውጥቶ “ገላግይኝ” ብሏት ነበር፤ ሚስት ሌሊቱን ሆቴል አድራ በማግስቱ ደኅና መሆኑን እንዲያዩላት ለፖሊስ ደወለች። ሰውየው መሣሪያዎቼን አትወስዱም ብሎ ሆስፒታል ለመሄድ ተስማማ፤ እሱ ከሄደ በኋላ ፖሊሶች ቤቱ ገብተው መሣሪያዎቹን ወሰዱ። ፖሊስ ለማኅበረሰቡ ደኅንነት ከሚሠራው ሥራ የሚመነጭ የመግባት ሥልጣን አለው የሚለው ክርክር ቀድሞ ስለ መኪና በተሰጠ ፍርድ ላይ የቆመ ነበር። ክላረንስ ቶማስ በጥቂት ገጽ በጻፈውና ዘጠኙም በተስማሙበት ፍርድ፣ ለመኪና የተባለው ለቤት አይሠራም አለ። በሚቀጥለው ወር የካሊፎርኒያው ጉዳይ ተከተለ። ሙዚቃ ከፍቶና ጥሩምባ እየነፋ የሚነዳን ሰው ተከትሎ፣ ሊዘጋ የነበረውን የጋራዥ በር በእግሩ አስቁሞ የገባ ፖሊስ ጉዳይ ነበር። ኤሌና ኬገን በቀላል ጥፋት ተጠርጥሮ የሚሸሽን ሰው መከተል ሁልጊዜ ቤት አያስገባም፤ እያንዳንዱ ጉዳይ በራሱ ይመዘን ብላ ጻፈች።

በአሜሪካ ለምትኖሩ አንባቢዎቼ ከዚህ ታሪክ የሚጠቅማችሁን ልንገራችሁ። ያለ ትዕዛዝ ለሚያንኳኳ ፖሊስ በር የመክፈትም የመናገርም ግዴታ የለባችሁም፤ ይህን የኬንታኪው ፍርድ ራሱ ይላል። ቤተሰብ ታምሞ ወይም ተጨንቆ ፖሊስ ስትጠሩ የሆነውን ሳትጨምሩና ሳትቀንሱ ተናገሩ፤ መሣሪያ መኖር አለመኖሩን፣ አደጋው አሁንም መኖሩን ወይም ማለፉን ግለጹ፤ ፖሊሱ በር ላይ የሚወስነው እናንተ ያላችሁትን ይዞ ነውና። አጣዳፊ ነው ብለው ከገቡ በአካል አትከላከሉ፤ “ፈቃድ አልሰጠሁም” በሉ። የገቡበትንና የወጡበትን ሰዓት፣ የሰጧችሁን ምክንያት፣ የከፈቱትን ክፍልና የወሰዱትን ዕቃ በዚያው ቀን ጽፋችሁ ለጠበቃ አሳዩ።